በብድር የተገዛ መኪና ለሐራጅ እንዳይቀርብ፤ ከአራዳ ባለታክሲዎች ልምድ

በጋዜጦች የመጨረሻ ገጾች ላይ የሚወጡት የተሽከርካሪ ሐራጅ ማስታወቂያዎች ሁሉም በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ የተዘጋጁ ናቸው። የተበዳሪው ስም፣ የመያዣ ሰጪው ስም፣ የሠሌዳ ቁጥር፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ መኪናው የተሠራበት ዘመን፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀኑና ሰዓቱ በተርታ ይሰፍራሉ። ተጫራቾች የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ አስይዘው እንዲቀርቡም ብዙውን ጊዜ ይጠየቃል። ሠንጠረዡ የማይናገረው ነገር ቢኖር ባለንብረቱ ለዚያ መኪና ስንት ዓመት ሲከፍል እንደ ኖረና ከሐራጁ ቀን ለመድረስ ስንት መውጫ በር አልፎ እንደ መጣ ነው።

ይህ ጉዳይ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። አንዱ ገበሬ እህሉን ሸጦ ባጠራቀመው ገንዘብ ላይ ብድር ጨምሮ ባጃጅ ይገዛል፤ ሌላው ከወንድሞቹ ጋር ተዳብሎ የጭነት አይሱዙ ያወጣል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ ትራክተር ወይም ኮምባይነር በዕቃ ኪራይ ይወስዳል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክና በክልሎች የተቋቋሙት የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ በአማራ ክልል ዋልያ፣ ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪ ጎረቤቱ ለዋስትና ፊርማ ሲጠይቀው፣ ወይም ማኅበሩ ራሱ ውል ሊፈርም ሲቀርብ፣ የመኪና ዕዳ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግዴታው እየሆነ መጥቷል። ለዚህ ትምህርት ደግሞ ከአዲስ አበባ አራዳና ፒያሳ የተሻለ ቦታ የለም።

አራዳ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በነበረው ገበያ የታወቀ ሠፈር ነው። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ ሲዛወር ፒያሳ የሚለው ስም በዚያው ተተክሎ ቀርቷል። በቅሎና አህያ ይራገፍበት በነበረው ሜዳ ዙሪያ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ ትንንሽ ፊያት ታክሲዎች፣ ከዚያም ውይይቶችና ላዳዎች፣ በኋላም ሚኒባሶች ተፈራርቀዋል። እነዚህ መኪናዎች በአብዛኛው የተገዙት ባለቤቱ በእጁ በነበረው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ከዘመድ፣ ከዕቁብ ወይም ከባንክ ብድር ተጨምሮበት ነው።

ከዚህም በላይ የአካባቢው አቀማመጥ ራሱ ዕዳ ከፋይን የሚፈትን ነው። ከለገሐር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ጭኖ፣ በየፌርማታው እየቆመ፣ ዳገቱን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ይገፋል። ሲወርድ ደግሞ ፍሬን ላይ ነው። የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ ወጪ በሜዳ ከሚሠራ መኪና ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ይህን ወጪ በዕቅዱ ያላስገባ ሰው መኪናው ጋራዥ በገባበት ወር የባንኩን ክፍያ ያጣል። በደጋና በወይና ደጋ ወረዳዎች ጠጠርና ጭቃ መንገድ ላይ ለሚሠራ አይሱዙም ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

የባለታክሲው ኑሮ በሦስት ዋጋዎች የታጠረ ነው። ታሪፉን የሚወስነው መንግሥት ነው፤ የነዳጁንም ዋጋ እንዲሁ። የወር ክፍያውን የሚወስነው ከባንኩ ጋር የተፈረመው ውል ነው። ከሦስቱ አንዱንም በራሱ ፈቃድ መለወጥ አይችልም። በእጁ የቀሩት መኪናው የሚሠራባቸው ቀናት ብዛትና የጥገናው ጥራት ብቻ ናቸው።

ይህ መጨናነቅ አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ ታሪፉ ግን ባለበት ቆመ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የዚያ ወር እንቅስቃሴ ወደ ምን እንዳመራ የሚታወቅ ሲሆን፣ መንግሥትም ከጭማሪው ላይ ቀንሶ ነበር። በቅርቡም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እየተለየ ሲሰጥ፣ ከድጎማው ውጭ የሆነው ባለመኪና የዋጋውን ጭማሪ በሙሉ ተሸከመ። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ከውጭ የሚገባው መለዋወጫና ጎማ አብሮ ተወደደ። የባንኩ ክፍያ ግን ነዳጅ ተወደደ ተብሎ አይቀንስም።

የክፍያውን ጠባይ ለመረዳት አንድ ስሌት መሥራት ያስፈልጋል። አንድ ሰው 1,200,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ በ4 ዓመት ውስጥ በእኩል ወርኃዊ ክፍያ ሊመልስ ተበደረ እንበል። የወር ክፍያው 35,250 ብር ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 18,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 17,250 ብር ብቻ ነው። ይህ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ከፍሎ 423,000 ብር ካወጣ በኋላ ቀሪ ዕዳው ስንት ነው ቢባል፣ ብዙ ሰው 777,000 ብር ይላል። ትክክለኛው ግን 975,000 ብር ያህል ነው። ብዙዎቹ ተበዳሪዎች በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ የባንኩን መግለጫ አይተው የሚደነግጡት በዚህ ነው፤ ሌላው ቀርቶ ባንኩ ያጭበረበራቸው የሚመስላቸውም አሉ። ነገሩ ማጭበርበር ሳይሆን የወለድ አሠራር ነው። መጀመሪያ ላይ ዕዳው ትልቅ ስለሆነ ወለዱም ትልቅ ይሆናል።

በሌላ በኩል ያው 35,250 ብር በቀን ሲመነዘር የተለየ መልክ ይኖረዋል። መኪናው በወር 26 ቀን ከሠራ ለባንኩ ብቻ በየቀኑ 1,356 ብር ያህል መቀመጥ አለበት። ስድስት ቀን ጋራዥ ውለው 20 ቀን ብቻ ከተሠራ ግን ድርሻው በቀን ወደ 1,763 ብር ይደርሳል። የነዳጁ፣ የሾፌሩና የረዳቱ፣ የዘይቱ፣ የጎማው፣ የመድኑና የቦሎው ወጪ ከዚህ ውጭ ነው። በአራዳ የቆዩ ባለታክሲዎች ዘንድ የተለመደው ጥሩ ዘዴ የባንኩን ድርሻ በወር መጨረሻ ሳይሆን በየማታው መለየት ነው። ሾፌሩ የዕለቱን ገቢ ሲያስገባ የባንኩ ብር መጀመሪያ ይነሣል። አንዳንዶች ይህን በዕለት ወይም በሳምንት ዕቁብ ያደርጉታል። ዕጣው ሲወጣ ግን ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ሳይውል በቀጥታ ለዕዳው እንዲሄድ ያስፈልጋል። ከቀጠሮው በፊት በርከት አድርጎ መክፈል ዋናውን ዕዳ ስለሚቀንስ የሚቀጥለውን ወለድ ያሳንሳል። ውሉ ቅድሚያ ክፍያን ያለ ቅጣት የሚፈቅድ መሆኑን ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል።

ለገጠር ማኅበራት ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የክፍያው ወቅት ነው። ታክሲ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ትራክተር ግን በእርሻ ወቅት፣ ኮምባይነር በአጨዳ ወቅት፣ እህል የሚጭን አይሱዙም በአብዛኛው ከኅዳር በኋላ ነው። በነሐሴ ምንም ገቢ የሌለው ማኅበር በየወሩ እኩል ክፍያ እከፍላለሁ ብሎ ከፈረመ ገና ከመጀመሪያው የማይፈጽመውን ውል ፈርሟል ማለት ነው። የክፍያ ሠሌዳው የአዝመራውን ወቅት ተከትሎ እንዲዘጋጅ መጠየቅ የሚቻለው ግን ከፊርማው በፊት ነው። ከፊርማ በኋላ ልመና ይሆናል።

አሁን ክፍያ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን እንመልከት። በባንክ አሠራር ክፍያው ለ90 ቀናት ሳይከፈል የቆየ ብድር ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይገባል። ባንኩም ለኪሣራ የሚሆን መጠባበቂያ ለመያዝ ስለሚገደድ ተበዳሪውን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2851 መሠረት አበዳሪ በሕግ የታዘዘውን ሥርዓት ሳይፈጽም መያዣውን ለራሱ የሚወስድበት ወይም የሚሸጥበት ስምምነት ዋጋ እንደማይኖረው ተደንግጎ ነበር። ለባንኮች ግን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 የተለየ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ በመያዣ የያዘውን ንብረት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በዕቃ ኪራይ የተወሰደ ትራክተር ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው። የመጨረሻው ክፍያ እስኪጠናቀቅ ድረስ ባለቤቱ አከራዩ ድርጅት እንጂ ማኅበሩ አይደለም።

ብዙ ሰው መኪናውን ከወሰዱት ዕዳው አብሮ የሚሄድ ይመስለዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ዕዳው 975,000 ብር ሆኖ መኪናው በሐራጅ 800,000 ብር ቢያወጣ ቀሪው 175,000 ብር፣ ከነወለዱና ከነወጪው፣ በተበዳሪው ላይ ይቆያል። ከዕዳው በላይ ካወጣ ትርፉ ለባለንብረቱ ይመለሳል። ነገር ግን ለወራት ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆሞ ባትሪው የሞተና ጎማው የተሰነጣጠቀ መኪና በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ ማየት የተለመደ አይደለም። ባንኩ ለቀሪው ዕዳ ወደ ሌሎቹ መያዣዎችና ወደ ዋሶቹ ይዞራል። ዋሱ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊነት ፈርሞ ከሆነ ባንኩ ተበዳሪውን ሳያስቀድም በቀጥታ እርሱን ሊከስ ይችላል። ባልና ሚስት አብረው የፈረሙበት ብድርም ሁለቱንም ያስጠይቃል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና ሰብል ሳይቀር ለብድር መያዣ እንዲሆኑ አስችሏል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ የመሬት መጠቀሚያ መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። ይህ ለማዳበሪያ፣ ለምርጥ ዘርና ለመስኖ ገንዘብ ለሚፈልግ ገበሬ ጠቃሚ በር ነው። ይሁን እንጂ መሬት ያው ሆኖ ሲቆይ መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፤ አንድ ቀን ገደል ሊገባም ይችላል። ለመኪና ዕዳ መኪናው ራሱ መያዣ እንዲሆን እንጂ የእርሻ መሬት መጠቀሚያ ተጨማሪ ዋስትና ሆኖ እንዳይገባ መከራከር ተገቢ ነው። ከገባም ቤተሰቡ ሁሉ አውቆት መሆን አለበት።

ችግር ሲመጣ ምን ይደረጋል? የመጀመሪያው ነገር ክፍያ ከመቋረጡ በፊት፣ ቢዘገይም በመጀመሪያው ወር ውስጥ፣ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ መሄድ ነው። ስልክ አጥፍቶ መኪናውን ወደ ሌላ ከተማ ማሸሽ ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው። ባለንብረቱ የስድስት ወር የገቢና የወጪ መዝገብ፣ የጋራዥ ደረሰኝና መኪናው የቆመባቸውን ቀናት ዝርዝር ይዞ ቢቀርብ ባንኩ የሚያየው ሰበብ ሳይሆን ሒሳብ ይሆናል። ጥያቄውም በጽሑፍ ሆኖ ግልባጩ ላይ የገቢ ማኅተም ሊመታበት ይገባል።

ባንኮች በችግር ጊዜ የክፍያ ጊዜ ማራዘማቸው እንግዳ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ያቀረበው ለደንበኞቻቸው የብድር እፎይታ እንዲሰጡ ጭምር ነበር። ታክሲዎች በግማሽ ሰው እንዲጭኑ በታዘዙበት በዚያ ወቅት ጥያቄውን በጊዜው ያቀረበና ዝም ብሎ የጠበቀ ሰው አንድ አልነበሩም። በ2016 ዓ.ም. ከየካቲት ወዲህም የኮሪደር ልማቱ የፒያሳን አሮጌ ሠፈሮች ሲያፈርስና መንገዶቹን ሲቆፍር፣ ለዓመታት በአንድ ተራ የሠራ ባለታክሲ መንገደኛውን ፍለጋ ሌላ መሥመር መልመድ ነበረበት። እንዲህ ያለው ከባለንብረቱ አቅም በላይ የሆነ ምክንያት በማስረጃ ሲቀርብ የመደመጥ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ይሁን እንጂ ማራዘም በነፃ የሚገኝ አይደለም። በምሳሌው የቀረው 975,000 ብር ከ36 ወር ወደ 60 ወር ቢራዘም ክፍያው ከ35,250 ወደ 24,760 ብር ገደማ ይወርዳል። በቀን ሲታሰብ ከ400 ብር በላይ እፎይታ ነው። በመጨረሻ የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ግን በ216,600 ብር ያህል ይጨምራል። መኪናው ከሐራጅ የሚድን ከሆነ ዋጋው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው አርጅቶ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት የማይሠራ ከሆነ ግን ማራዘሙ ኪሣራውን ማስረዘም ብቻ ነው። ይህን የሚያውቀው ባለንብረቱና መካኒኩ እንጂ ባንኩ አይደለም። ከሌላ ባንክ ተበድሮ ያንን መዝጋትም ሁልጊዜ አይሳካም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገደብ ካስቀመጠ በኋላ፣ ምንም እንኳ ገደቡ ኋላ ከፍ ቢደረግም፣ አዲስ ብድር ማግኘት ከብዶ ቆይቷል።

መኪናው ዕዳውን እንደማይችል ከታወቀ የሚሻለው ባንኩን አስፈቅዶ ራስ መሸጥ ነው። ባለንብረቱ መኪናው እየሠራ ሳለ፣ ጎማው ደኅና ሳለ፣ ገዥ ፈልጎ ባንኩ ባለበት ሽያጩን ቢፈጽም ገንዘቡ በቀጥታ ለዕዳው ይገባል፤ ትርፍም ቢኖር በእጁ ይቀራል። ገዥው ብድሩን በስሙ አዛውሮ እንዲቀጥል ባንኩ የሚፈቅድበት ጊዜም አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን አንድ ጉድጓድ ማንሣት ያስፈልጋል። ሊብሬው ላይ የባንክ ዕገዳ ስላለ ስም ማዛወር አይቻልም፤ ስለዚህ ባለንብረቱ ባንኩ ሳያውቅ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ መኪናውን በውክልና ለሌላ ሰው ያስተላልፋል፤ የቀረውን ዕዳ ያ ሰው ሊከፍል ቃል ይገባል። ለጥቂት ወራት ይከፍላል፤ ከዚያ ያቆማል። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው፣ ስሙም በጋዜጣው ሠንጠረዥ የሚሰፍረው ግን የመጀመሪያው ተበዳሪ ነው። መኪናው ሰው ቢገጭም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ በመዝገብ ባለቤት የሆነው ደግሞ እርሱ ነው። የመኪናውን መሪ ለሌላ ሰጥቶ ዕዳውንና አደጋውን ለራሱ ያስቀረ ሰው ከዚህ የከፋ ውል ሊፈርም አይችልም።

ሁለተኛው ጉድጓድ አራጣ ነው። የዚህን ወር የባንክ ክፍያ ለመሸፈን በወር 10 በመቶ የሚያበድር ሰው ቢገኝ በዓመት ከብድሩ የሚበልጥ ወለድ ይጠየቅበታል። ከባንክ ውጭ ባሉ ሰዎች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይደነግጋል፤ አራጣ ማበደርም በወንጀል ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪው ይህን ስለሚያውቅ ወለዱን በውሉ ላይ አይጽፍም። በእጁ የሚያስቀረው ቀኑ ያልተሞላ የተፈረመ ቼክ ነው። ቼኩ ለባንክ ቀርቦ ስንቅ ከሌለው ደግሞ ወንጀለኛ ሆኖ የሚቀርበው ቼኩን የፈረመው ሰው ይሆናል።

መድኑም አይዘንጋ። ባንኩ ዕዳው እስኪያልቅ መኪናው ሙሉ መድን እንዲኖረው ያዛል፤ ጊዜው ካለፈ ራሱ ከፍሎ በዕዳው ላይ የሚጨምርበት ውል አለ።

ማኅበር በጋራ በሚገዛው ተሽከርካሪ ላይ ደግሞ የአንድ ሰው ውሳኔ አይበቃም። የብድሩ መጠን፣ የወር ወይም የወቅት ክፍያው፣ ሾፌሩ ማን እንደሆነና የዕለት ገቢውን ማን እንደሚረከብ በጠቅላላ ጉባዔ ተወስኖ በቃለ ጉባዔ መስፈር አለበት። ገቢ የሚቀበለውና ለባንክ የሚከፍለው አንድ ሰው እንዳይሆን ማድረግም ይረዳል። የባንኩ መግለጫ በየሦስት ወሩ ለአባላቱ ቢነበብ ክፍያ መዘግየቱ የሚታወቀው የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርስ አይሆንም።

የመጨረሻው ክፍያ ከተፈጸመ በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል። ባንኩ ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ይህ ደብዳቤ መኪናው ወደ ተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ደርሶ ዕገዳው መነሣት አለበት። ደብዳቤውን ተቀብለው ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጡ ጥቂት አይደሉም። ዕገዳው በመዝገብ ላይ እንዳለ የሚታወቀውም ከዓመታት በኋላ፣ መኪናው ሊሸጥ ሲል ወይም ወራሾች ስም ለማዛወር ሲሄዱ ነው።